ቁጥር የሌለው ሰም

እትዬ አሰገደች መሞታቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። የነገረችኝ እማዋይሽ ናት። እማዋይሽ ድሮ እኔና እትዬ አሰገደች በምንሠራበት ሆስፒታል ላብራቶሪውን ታጸዳ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ጧፍ ትሸጣለች። እኔ ብዙ ዓመት ሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቤ ስሠራ ኖሬ ወደ ሐዋሳ የተመለስኩት ካቻምና ነው። የዚያን ቀን መሃል ከተማ መነጽሬን አሠርቼ፣ ፀሐዩን ሸሽቼ በአጥሩ ጥላ ስመጣ «አቶ ተፈራ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል ከጃንጥላው ሥር አንዲት አሮጊት ፈገግ ብላ ታየኛለች። መነጽሩ አዲስ ባይሆን ኖሮ አላውቃትም ነበር።

«እትዬ አሰገደችን እኮ ቀበርናቸው» አለችኝ፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ። «አልሰሙም እንዴ?»

አልሰማሁም ነበር። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ከተማ እየኖርኩ አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ሁለት ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለምን እንደተመለስኩ ነው አሁን የምጽፈው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እትዬ አሰገደች ለአብሮ ሥራ የሚመቹ ሴት አልነበሩም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ አዋሳ ስመደብ (ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት) ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ በተራ፣ ሰላምታ በ«ጓድ»። የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን የደም ስላይድ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ሁለተኛውንም ጣሉት። ሦስተኛውን ሲጥሉ ንዴት ያዘኝና «ምን ጎደለው?» አልኳቸው። «እጅህ ይቸኩላል» አሉኝ። አብረን በሠራንበት ሦስት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ሌላ አስተያየት ሲሰጡ አልሰማሁም።

አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ወደ አርባ የሚጠጉ ሴት ነበሩ። እርሳሳቸውን ሹሩባቸው ውስጥ ይሰኩና ረስተውት በየኪሳቸው ይፈልጉታል። አግብተው ነበር፤ ልጅ አልመጣ ሲል ባልየው ትቷቸው ሌላ አገባ። በየወሩ አራት አምስት ቀን ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይሞሉና፣ በነጠላ ጠቅልለው ከነጩ ጋውን ሥር ሆዳቸው ላይ ያስሩታል። እንደዚያ ሆነው ይሠራሉ። ሲብስባቸው ወለሉ ላይ ይንበረከኩና ግንባራቸውን ወንበር ላይ ያሳርፋሉ፤ እኛም እንዳላየን ሆነን እናልፋለን። ቤት የሚውሉት መነሳት ሲያቅታቸው ብቻ ነው።

በሽታቸውን እኔ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ያኔ የወር አበባ የሚል ቃል ሲነሳ አንገቴን የምደፋ ወንድ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ስለ ወባ እንደሚያወሩ ነበር የሚያወሩት። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ እየተላጠ ከደም ጋር ይወጣል። አንዳንድ ሴት ላይ ግን ያ ሽፋን ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የሆድ ግድግዳ ላይ። በበቀለበት ቦታም ወር እየጠበቀ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይቋጥራል፣ አንጀትን ከማህፀን ያጣብቃል፣ ልጅ ይከለክላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ያኔ በእኛ ሆስፒታል ይህን ቃል አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ከምሥራቅ አውሮፓ በውል የመጣው ቀዶ ሐኪማችን፣ ሁለተኛዋ እትዬ አሰገደች።

የላብራቶሪው የመጨረሻ ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር። እሳቸው ለምነው ተረከቡትና የሰም ክፍል አደረጉት። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ከሴቶች ሆድ ያወጣውን ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ያሳድሩታል፣ በአልኮል ያደርቁታል፣ ከዚያ ቀልጦ በሚጠብቀው ነጭ ሰም ውስጥ ይከቱታል። ሲረጋ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሰም ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ምስር የምታክል የሰው ሥጋ። ጎኑ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይለጥፋሉ። ሰሙን በማሽን ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ቀለም ነክረው፣ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የተረፈው ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። «እንዲህ የተቀመጠ ሥጋ እኔም አንተም አፈር ከሆንን በኋላ ሊነበብ ይችላል» ይሉኝ ነበር።

ቁጥሩ የሚወስደው ወደ ደብተራቸው ነው። ደብተሩ ውስጥ የሴትየዋ ዕድሜ፣ ስንት እንደወለደች፣ ስንት ቀን እንደሚያማት፣ የት እንደሚያማት አለ። ቁጥሩ ከወደቀ ሥጋው የማንም አይደለም። አንድ ቀን እኔ ቁጥር ሳልለጥፍ ያሳደርኩትን አንድ ሰም አገኙና፣ ጠረጴዛው ዳር ያለው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ወረወሩት።

«እትዬ፣ የማን እንደሆነ እኮ አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ታውቀዋለህ። ሰሙ ግን አያውቅም። ቁጥር የሌለው ሰም ሻማ ነው።»

ይህቺ ቃል የክፍሉ ሕግ ነበረች። ቆርቆሮው የእማዋይሽ ነው። በዚያን ጊዜ ሰም ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ እማዋይሽም በየሳምንቱ ዓርብ ከቆርቆሮው የፈሰሰውንና የተበላሸውን ሰም ትወስድና ክር እየነከረች ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራለች። ማንበብ ገና በመሠረተ ትምህርት እየተማረች ነበር፤ ቁጥር ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። አንዳንዴ የወደቀች ሰም አንስታ፣ አገላብጣ፣ «ይቺ ቁጥር አላት፣ የደብተር ናት» ብላ ትመልሳለች። እትዬ አሰገደች ሲያመሰግኑ የምሰማው እሷን ብቻ ነበር።

እትዬ አሰገደች መልስ ይፈልጉለት የነበረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለምን? ሐኪሙ የሰጣቸው መጽሐፍ ደሙ ወደ ኋላ ወደ ሆድ ስለሚመለስ ነው ይላል። እሳቸው አላመኑም። ሐኪሙን፣ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ለትርፍ አንጀትም ቢሆን ስትከፍት ሆዷ ውስጥ የተመለሰ ደም እይልኝ አሉት። አየ። የጤነኞቹም ሆድ ውስጥ ደም ነበር። ያን ዕለት ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲመለሱ እርሳሳቸውን ከፀጉራቸው ነቅለው በጥርሳቸው እየነከሱ ነበር።

«ደሙማ የሁሉም ይመለሳል» አሉኝ። «ታዲያ የአንዷ ብቻ ለምን ሥር ይሰዳል?»

ከከተማው ወጣ ካለችው ከቡሹሎ የመጡ አንዲት የሲዳማ እናት ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ሳቁባቸው። «እንሰት ብትቀብሪ አንዱ ያበቅላል፣ አንዱ ይበሰብሳል» አሉ፣ ቃሉን እየመረጡ። «ተክሉን ታያለሽ አንቺ። መሬቱን እይ።» እትዬ አሰገደች ይህን ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታመመው ቦታ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ጤነኛ ሥጋም ማስቀመጥ ጀመሩ።

ሴቶቹን የሚጠይቁበት መንገድ ሌላ ሰው ጋ አላየሁም። ሐኪሙ በአስተርጓሚ «በወር ስንት ቀን ይፈስሻል?» ሲላት አንገቷን ደፍታ «ወገቤን ነው» የምትል ሴት፣ እትዬ አሰገደች አጠገቧ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው «በዚህ ወር ስንት ሰንበት ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ አስቀደስሽ?» ሲሏት ወዲያው ትመልሳለች። በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ አይገባምና ያንን የማትቆጥር ሴት የለችም። እስላም ከሆነች «ስንት ጾም ዕዳ አለብሽ?» ይሏታል፤ በረመዳን ያልጾመችውን ቀን አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። የሲዳማዎቹን በገበያ ቀን ነው የሚጠይቁት፤ የእነሱ ሳምንት አራት ቀን ስለሆነ ስንት ገበያ እንደቀሩ ሰምተው በአራት ያባዛሉ። «ያስቸገሩኝ ጴንጤዎቹ ናቸው» ይሉ ነበር። «ሁሌም ይገባሉ፤ በምን ልቁጠርላቸው?»

እኔ አንድ ጊዜ፣ አዋቂ ለመምሰል፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ነው ነገሩ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ደበቀ? የጠየቃቸው ነው የጠፋው» አሉኝ።

አለቆች ይህን ሥራ አይወዱትም ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ የሚባል የግዴታ ስብሰባ ነበረን፤ አንድ ቀን ካድሬው አልኮልና ፎርማሊን የሚባክንበትን ምክንያት እንዲያስረዱ አስነሳቸው። ጠርሙሳቸው ሆዳቸው ላይ ታስሮ ነበር፤ ወንበሩን ይዘው ተነሱ።

«ጓድ አሰገደች፣ ይህ በሽታ በክፍለ ሀገሩ ስንት ሰው ገደለ?»

«አይገድልም» አሉ። «ክፋቱ እሱ ነው።»

 ካድሬው የሰፊው ሕዝብ በሽታ ወባ መሆኑን ረዘም አድርጎ አስረዳና የማይገድል በሽታ ቅድሚያ የለውም ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልኮል ከመጋዘን አልወጣላቸውም። ሐኪሙ ከራሱ ድርሻ እየቀነሰ ይሰጣቸው ነበር።

ሐኪሙ ውሉ አልቆ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሰም ክፍሉ መጣ። በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በሽታ የሚያጠና ላብራቶሪ አለ። እኛ የሥጋውን ቅርጽ ብቻ ነበር የምናየው፤ እነሱ ጋ ግን ሥጋው ለምን ሥር እንደያዘ ሊያሳዩ የሚችሉ ቀለሞች አሉ። ሁሉንም ሰም ይዤልሽ እሄዳለሁ አላቸው። እኔ ተርጓሚ ነበርኩ። የስድስት ዓመት ሰም፣ ሁለት ካርቶን ሙሉ፣ የታመመው ሥጋም የጤነኛውም። ቁራጭ ቁጥር አንድ የራሳቸው ነበር፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቋጠሮውን ለማውጣት ሲከፍታቸው የተወሰደ። ያን ዕለት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘፍኑ ሰማኋቸው። ድምፃቸው አያምርም ነበር።

የቀረው ቁጥሩን መቀየር ነው። ወረቀቶቹ በግዕዝ ቁጥርና በአማርኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ እዚያ ማንም አያነባቸውም። የእኔ የፈረንጅ ጽሕፈት ጥሩ ነው ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ሥራው የተጀመረው እትዬ አሰገደች ከቤት መውጣት ባቃታቸው ቀን ነው። በዋዜማው ጠርሙሳቸውን አቅፈው፣ ቃላቸውን እየቆራረጡ አስጠነቀቁኝ።

«አንድ በአንድ። የአንዱን አዲስ ሳትለጥፍ የሌላውን አሮጌ እንዳትነቅል።»

«እሺ እትዬ።»

«ምን አልኩህ?»

«አንድ በአንድ።»

ዓርብ ጠዋት ጀመርኩ። አንድ በአንድ ሠራሁ፤ ወደ ሠላሳ ከደረስኩ በኋላ ዘዴው ዘገምተኛ መሰለኝ። ሙጫው ይደርቃል፣ እጄ በሙጫ ይያያዛል። አሮጌዎቹን በሙሉ በአንዴ ነቅዬ፣ ሰሞቹን በተራቸው ጠረጴዛው ላይ ብደረድር፣ ከዚያ ወረቀቶቹን በአንዴ ጽፌ በአንዴ ብለጥፍ በግማሽ ጊዜ እጨርሳለሁ አልኩ። የለጠፍኳቸውንም እንደ አዲስ ላጥኋቸው፤ ጽሑፉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ብዬ። ሰሞቹን በተራ በተራ ደረደርኩ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ሞላ። በጣም ያምር ነበር፤ ቆሜ እንዳየሁት አስታውሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን መጻፍ ስጀምር የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው በር አንኳኳ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓድ ስለሚናገር ሁሉም ሠራተኛ አሁኑኑ አዳራሽ እንዲገባ። የቀረ ይመዘገባል። በሩን አልቆለፍኩም፤ ቶሎ የምመለስ መስሎኝ ነበር። የመጣው ጓድ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ተናገረ። ከአዳራሹ ስንወጣ ከሌሎቹ ጋር እየተሳሳቅኩ ቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ተወልውሏል። የነቀልኳቸው አሮጌ ወረቀቶች ተጠርገው፣ ቆሻሻው ወጥቶ ተቃጥሏል። ትናንት ዓርብ ነበር፤ እማዋይሽ ሰም የምትወስድበት ቀን። ያ ቅዳሜ ደግሞ ኅዳር ጽዮን ነው። ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ሰም አንድ በአንድ አገላብጣ አይታዋለች፤ ይህን በኋላ ራሷ ነገረችኝ። አንዱም ቁጥር አልነበረውም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ቅዳሴው ሊያልቅ ደርሷል። እማዋይሽ በር ላይ ቆማ ለሚገባው ለሚወጣው ጧፍ ታድላለች፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከሌላው ጊዜ የረዘመ ጧፍ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሴቶችም ይዘውታል፤ እትዬ አሰገደች ስንት ሰንበት እንደቆሙ የሚጠይቋቸው ሴቶች። በርቶ ነበር፤ ግማሹ አልቋል።

«እማዋይሽ፣ ሰሙን የት አመጣሽው?» አልኳት። 

«ከጠረጴዛው ላይ ነዋ! ለኔ ብለው የደረደሩት መስሎኝ» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «ለእመቤቴ ተስዬ ነበር። እትዬ አሰገደችን ከዚያ ወለል ካነሳሽልኝ ለጽዮን በር ሙሉ ጧፍ አበራለሁ ብዬ። ይኸው ሰሙን ሰጠችኝ።»

«ውስጡ ያለውስ? ሰሙ ውስጥ ያለው ነገር?»

«ምናምን ነበረበት። በጨርቅ አጠለልኩትና ጓሮ ደፋሁት።»

ቤቷ ሩቅ አልነበረም። ጓሮዋ ሄጄ ተንበረከክሁ። ዶሮዎቿ ቀድመውኛል። አንዲት ቅንጣት አገኘሁ፤ ሰም የሸፈናት፣ ከምስር ያነሰች። መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። የማን እንደሆነች የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድም ሰው የለም። እዚያው መልሼ ቀበርኳት።

ለእትዬ አሰገደች ለመንገር ቤታቸው እስክገባ ሦስት ጊዜ ከበራቸው ተመልሻለሁ። መደባቸው ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር፤ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጠርሙሱን አቅፈው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ምንም አልደበቅሁም። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። 

«አንድ በአንድ ነበር ያልኩህ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ስለቷ ለማን ነበር ያልከኝ?»

«ለእርስዎ ነው» አልኳቸው። «እንዲሻልዎት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።  ከዚያ ሳይዞሩ እንዲህ አሉኝ፦ «እንዳትነግራት። ምንድነው ያቃጠልኩት ብላ አንድ ቀን እንቅልፍ እንዳታጣ። አንተም ዕድሜህን ሙሉ ይቅርታ እያልክ እንዳታደክመኝ። አሁን ሂድ።»

ሰኞ ሥራ ገቡ። ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ቢሮ ሄዱ፤ እኔን ለማስተርጎም ጠሩኝ። ሐኪሙ ማህፀናቸውን እንዲያስወጡ ለዓመታት ሲመክራቸው ኖሯል። ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ቢያመኝም ማህፀኔ ነው። ልጅ ገና ተስፋ ያደርጉ ነበር፤ ለማንም አይናገሩም እንጂ አውቅ ነበር፤ መሳቢያቸው ውስጥ የሕፃን ካልሲ አይቻለሁ፣ አንድ ጥንድ፣ ያልተቆረጠ ክር ያለው።

«ያውጣውና ይውሰደው በለው» አሉኝ። «ቢያንስ አንዱ ይሂድ።»

ነገርኩት። ሐኪሙ ለሕመምሽ ከሆነ እሺ፣ ለሰሙ ብለሽ ከሆነ ግን አላደርገውም አላቸው። «ለሕመሜ ነው በለው» አሉ እኔን እያዩ። እያወቅሁ ውሸታቸውን ተረጎምኩ።

ረቡዕ ተከፈቱ። ሥጋው በፎርማሊን ጠርሙስ ወደ እኔ መጣ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ያደረቅሁት፣ ሰም ውስጥ የከተትኩት። በሕይወቴ ያልቸኮልኩበት ሥራ ያ ብቻ ነው። ስምንት ሰም ወጣው። እያንዳንዱን ለጥፌ ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። ተኝተው ወዳሉበት ክፍል በትሪ ይዤ ሄድኩ። አንድ በአንድ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት፣ ቁጥሩን አነበቡ። ምንም አልጣሉም።

ሐኪሙ ሰሙን ከካልሲውና ከሸሚዙ መሃል ጠቅልሎ ሄደ። እደርሳለሁ፣ እጽፋለሁ አለ። ሰው አላማም፤ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ደብዳቤው ግን አልመጣም። ሳንሱር በልቶት ይሆናል፤ ወይም ስምንት ሰም ለማንም ምንም የማይነግር ሆኖ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በኋላ የእኛም የእነሱም መንግሥት ወደቀ፣ አድራሻውም የሌላ ሰው ሆነ።

ሕመሙም አልተዋቸውም። ሥሩ አንጀታቸው ላይ ነበር፤ ማህፀናቸው ሄደ፣ እሱ ቀረ። ጠርሙሱን እንደገና ማሰር ጀመሩ። የሰም ክፍሉን ቁልፍ አስረከቡ፤ ተመልሶ ዕቃ ቤት ሆነ። እስከ ጡረታቸው የወባ ስላይድ ሲያነቡ ኖሩ። እኔ እስክቀየር ድረስ ከአንዲትም ሴት ጎን ቁጭ ብለው ስንት ሰንበት ቆመሽ ሲሉ አልሰማኋቸውም። ፖስታ በሚመጣበት ቀን ብቻ፣ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቆም ይላሉ። አይጠይቁም። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ከከተማው ያሸሸኝም፣ ከበራቸው የመለሰኝም እሱ ነው። ቢወቅሱኝ ኖሮ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ባሳለፍኩት አፍታ ውስጥ መጣብኝ። እማዋይሽ ከዘንቢሏ አንድ ጧፍ መርጣ ሰጠችኝ።

«ለነፍሳቸው አብሩላቸው» አለች። «የዛሬ ሰም ይጨሳል እንጂ አያበራም። ያኔ ለእሳቸው ተስዬ ያበራሁት ትዝ ይልዎታል? ከጠረጴዛው ላይ የወሰድኩት? እመቤቴ አልሰማችኝም እንጂ፣ እንደዚያ ያለ ሰም ከዚያ ወዲህ እጄ አልገባም። ጥሩ ሰም ነበር።»

ጧፉን ተቀበልኳት።

«አዎ» አልኳት። «ጥሩ ሰም ነበር።»